የወጋውም አልረሳም

ከስድስት ኪሎ አደባባይ ብዙም በማይርቅ አንድ ቁርስ ቤት ውስጥ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የምንገናኝ አራት ሰዎች ነን። ወዳጅነታችን ከፉልና ከቡና አያልፍም፤ አንዳችን የሌላችንን ቤት አናውቅም፤ ሆኖም አንዱ የቀረ እንደሆነ «ምነው ዛሬ ጠፋ?» ለመባባል ያህል ተላምደናል። አንደኛው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ሁለተኛው ባንክ ውስጥ የሚሠራ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ በማንኛውም ጉዳይ ላይ የመጨረሻው ቃል የእርሱ እንዲሆን የሚወድ ሰው ነው። ሦስተኛዋ በቅርቡ በሕግ የተመረቀች ወጣት ናት። አራተኛው እኔ ነኝ፤ በዚያን ዕለቱ ክርክር ከማን ወገን እንደ ነበርሁ ብደብቅም አይደበቅልኝም።

የቤቱ ባለቤት፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ ግድግዳቸው ላይ ለብዙ ዓመታት ሁለት ፍሬም ብቻ ነበራቸው። በአንደኛው ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመዋል፤ ከጋዜጠኞቹ ሰገነት ሲያፏጩባቸው የነበሩት የሙሶሊኒ ጋዜጠኞች በፎቶው ውስጥ ባይታዩም፣ የንጉሠ ነገሥቱን ፊት ያየ ሰው ፉጨቱን የሚሰማው ይመስለዋል። በሁለተኛው አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ይሮጣል፤ ደረቱ ላይ 11 ቁጥር ተለጥፏል። እትዬ አበበን በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሉታል፤ «ይኼኛው ገበያ ይጠራል» ይላሉ።

ዘንድሮ የካቲት ላይ የወንድማቸው ልጅ ሦስተኛ ፍሬም ጨመረ። ከአንድ መጽሐፍ ላይ ቀድቶ ያሳደገው የየካቲት 12 ፎቶ ነው። መሬት ላይ የተጋደሙት ሰዎች ፊታቸው አይለይም፤ የአንደኛው ነጠላ ብቻ ከሁሉም ጎልቶ ነጭ ሆኖ ይታያል። በላያቸው የቆሙት ወታደሮች ፊት ግን አንድ በአንድ ይለያል። ለሠርግ ፎቶ እንደ ተሰለፉ ሚዜዎች ተጠጋግተው፣ አንደኛው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ሌላው ባርኔጣውን አስተካክሎ፣ ፈገግ ብለው ወደ ካሜራው ያያሉ።

ፍሬሙ የተሰቀለው በባንኩ ሰው ወንበር ፊት ለፊት ነበር። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳይውጥ ቀና ብሎ አየውና «እትዬ፣ እባክዎን ይህን ነገር ያውርዱልን፤ ሰው እየበላ ሬሳ ያያል እንዴ?» አለ።

እትዬ መልስ ሳይሰጡ ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡና «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» አሉ። አነጋገራቸው ነገሩን ጨርሶ መዝጊያ ይመስል ነበር፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ክርክሩ የተጀመረው በዚያች ቃል ነው።

የባንኩ ሰው ክሱን እንደ ብድር ማመልከቻ በተራ በተራ ዘረጋው። እንዲህ ያለ ፎቶ ቂም ይወልዳል፤ ቂም ደግሞ አገር አያሳድግም፤ ያለፈው አልፏል፤ ልጆች ቢያዩት ይባንናሉ። ከሁሉም በላይ ያሳሰበው ግን እንግዳው ነበር። «አንድ ጣልያናዊ ቱሪስት ድንገት ቢገባ ምን ይሰማዋል?» ብሎ ጠየቀ። እኔ በዚህ ቤት ውስጥ በብዙ ዓመት ቆይታዬ አንድም ቱሪስት አይቼ አላውቅም፤ ለማይመጣ ሰው ስሜት ይህን ያህል መጨነቁ ደግነቱን የሚያሳይ ነው እንበል። እትዬ ከጀበናው ሳይነሡ «ቡናውን ጠጥቶ ይከፍላላ!» ብለው መለሱለት። ጋሼም «ካላወቀ አይቶ ይወቅ፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ብለው ደገሙ።

የሕግ ምሩቋ በዚህ መካከል ከአሜሪካ አንድ ነገር አመጣች። እ.ኤ.አ. በ1955 ኤሜት ቲል የተባለ የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ ከቺካጎ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ወደ ሚሲሲፒ ሄዶ በነጮች ተገደለ። ሬሳው ከወንዝ ሲወጣ መልኩ የሰው አይመስልም ነበር። እናቱ ማሚ ቲል ግን ቺካጎ ላይ የልጇ አስከሬን ሣጥን ተከፍቶ እንዲቀመጥና ሕዝብ በልጇ ላይ የተደረገውን እንዲያይ ወሰነች፤ «ጄት» የተባለው የጥቁሮች መጽሔትም ፎቶውን አወጣው። ነጮች ብቻ የተቀመጡበት ችሎት ገዳዮቹን በአንድ ሰዓት ገደማ ምክክር በነጻ ለቀቃቸው፤ ፎቶውን ያየው የጥቁር ወጣት ትውልድ ግን አልለቀቃቸውም። ልጅቷ ይህን ስትናገር ድምፅዋ ቀስ ይል ነበር። «ሣጥኑ ይዘጋ ቢባል እኮ የሚሰጠው ምክንያት ልክ አንተ የምትለው ነው፤ ሰው ይደነግጣል፣ ልጆች ይባንናሉ ነው» አለችው።

የባንኩ ሰው መልስ «እርሱ አሜሪካ ነው» የሚል ነበር። ሌላ ነገር አልጨመረም፤ እኔም የምጨምርለት የለኝም።

ነገር ግን ቀጥሎ የተናገረው ጉዳይ፣ ምንም እንኳ አቀራረቡ የተለመደው ቢሆን፣ ውስጡ እውነት ነበረበት፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። «ፎቶ አይደል እንዴ እኛን በዓለም ፊት ያዋረደን?» አለ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን በኮረም የቀረጸው፣ ማይክል በርክ ድምፁን የሰጠው የረሃብ ምስል በቢቢሲ ከተላለፈ ወዲህ፣ በየትኛውም አገር «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ያለ ሰው ፊት ላይ የሚነበበው ያ ብቻ ሆኖ ቀርቷል አለ። ይህ ሐሰት አይደለም። በስደት የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፤ የተማሪ ቤት ልጆች ሳይቀሩ በዚያ ሥዕል ሲቀልዱብን ኖረዋል። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ለንደን ላይ ለእርዳታ በተደረገው ታላቅ ኮንሰርት፣ ልትሞት የደቂቃዎች ዕድሜ ቀርቷታል የተባለች የአንዲት የትግራይ ሕፃን ፊት በግዙፍ ስክሪን ታየ፤ ስታዲየሙን የሞላው ሕዝብ አለቀሰ፤ ገንዘብም ጎረፈ። የሕፃኗን ስም ግን በዚያች ዕለት ካለቀሱት መካከል ማን ጠየቀ? ብርሃን ወልዱ ትባላለች፤ አልሞተችም፤ አድጋ፣ ተምራ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ለንደን ሃይድ ፓርክ መድረክ ላይ በእግሯ ቆማ ታይታለች።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው እኔና የባንኩ ሰው የምንለያየው። እርሱ «ስላዋረደን ባይታይ ይሻል ነበር» ይላል። እኔ የምለው ያዋረደን መታየቱ ሳይሆን ስም አልባ ሆነን መታየታችን ነው። ስም የሌለው የተራበ ሕፃን የአገር ሁሉ ምልክት ይሆናል፤ ስም ያለው የተራበ ሕፃን ግን የእገሌ ልጅ ነው፤ የእገሌ ልጅ ደግሞ መቀለጃ አይሆንም።

ጋሼ በዚህ አልረኩም። ፎቶ ባይታይ ምን እንደሚሆን ከባንኩ ሰው ይልቅ እርሳቸው ያውቁ ነበርና ወደ ወሎው ረሃብ ወሰዱን። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ሰው በየመንገዱ ሲያልቅ መንግሥት ከዓለምም ከእኛም ደብቆት ነበር፤ ነገሩ አደባባይ የወጣው እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም አንሥቶ በአገሩ ቴሌቪዥን ካሳየ በኋላ ነው። ደርግ ያንኑ ፊልም ቆራርጦ፣ የቤተ መንግሥቱን ግብዣና ጃንሆይ ውሾቻቸውን ሲያበሉ የሚያሳየውን ከተራበው ሕዝብ ጋር እያፈራረቀ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። ጋሼ ያን ማታ በጎረቤት ሳሎን ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። «ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እዚያ ነበር። የቤቱ እመቤት በዓሉን አስመልክተው የጋገሩት ዳቦ መሶብ ላይ ነበረ፤ ከዚያ ፊልም በኋላ አንድም ሰው አልነካውም» አሉ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ሲወሰዱ «ሌባ! ሌባ!» ብሎ ከጮኸው ሕዝብ ውስጥ ማታ ሲያለቅስ ያደረ ብዙ እንደ ነበረ ጋሼ አይጠራጠሩም።

የባንኩ ሰው ከወንበሩ ሊነሣ ምንም አልቀረውም። «አላልሁም? ፎቶና ፊልም የአታላይ መሣሪያ ነው! ውሻውን ከረሃብተኛው ጎን የቀጠለው ማን ነው?» አለ። ከዚያም የት እንዳነበበው የማናውቀውን የቬትናሙን ጄኔራል ጨመረልን፦ እ.ኤ.አ. በ1968 ኤዲ አዳምስ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ፣ የደቡብ ቬትናም ፖሊስ አዛዥ የሆነው ጄኔራል ሳይጎን ላይ እጁ የታሰረ ሰው ጭንቅላት ላይ ሽጉጥ ሲተኩስ አንሥቶ ታላቅ ሽልማት አገኘ፤ ኋላ ግን ፎቶ ግማሽ እውነት ነው፣ እኔም ጄኔራሉን በካሜራዬ ገደልሁት ብሎ ተጸጸተ። «ፎቶ አንሺው ራሱ ያላመነውን እኛ ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን!» ብሎ እጁን አጨበጨበ።

ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። ነገሩ የሚመለስ አይመስልም ነበር፤ ግን ረጋ ብሎ ላሰበው ሰው ያለ ብዙ ድካም ይመለሳል። ውሻውን ደርግ ቀጥሎት ይሆናል፤ የተራቡትን ግን ደርግ አልፈጠራቸውም። ጄኔራሉ ከዚያ በፊት ምን እንደ ደረሰበት ፎቶው ባይናገርም፣ እጁ የታሰረው ሰው ግን በዚያች ቅጽበት ተገድሏል። ግማሽ እውነት ሲገኝ መደረግ ያለበት ሌላውን ግማሽ መፈለግ ነው፤ የተገኘውን ግማሽ ከግድግዳ አውርዶ ጓዳ መክተት አይደለም። ደግሞም የፊልሙን ኃይል ከማንም በላይ የተረዳው ደርግ ራሱ፣ በአሥረኛ ዓመቱ ተራው ደረሰበት፤ በ1977 መግቢያ ላይ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በሰልፍና በመብራት ሲያከብር፣ በሰሜን ያለው ረሃብ እንዳይታይበት ሲሸፍን ነበር። ጋሼ ይህን ሲሰሙ በጣታቸው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉና «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» አሉ። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ አምስት ጊዜ ብለዋታል፤ እትዬም ከወዲያ ሆነው የመጨረሻዋን ቃል አብረው ማለት ጀምረው ነበር።

እኔም ጣልቃ የገባሁት ያን ጊዜ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ተረቷ ስለ ሰለቸችኝም ጭምር ነው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ፎቶ እኮ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው» አልኋቸው። «የወጋው ራሱ መቼ ረሳ? ካሜራውን ያነሣው እርሱ ነው፤ ፊልሙን ያሳጠበው፣ በኪሱ ይዞ የዞረው እርሱ ነው። የተወጋው ነው አንድም ፎቶ የሌለው።» ይህ የእኔ ብልሃት አይደለም። የዚያ ዘመን ግፍ ፎቶዎች ብዙዎቹ የተነሡት በወራሪው ጦር ወታደሮች እጅ ነው፤ ለማስታወሻ፣ አዳኝ ከገደለው አንበሳ ጋር እንደሚነሣው። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ለጦር ወንጀል ክስ ባሰናዳው ሰነድ ውስጥ እነዚያኑ ፎቶዎች በማስረጃነት አተማቸው፤ በየካቲት 12 እና በተከታዮቹ ቀናት አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ 30 ሺህ ሰው አልቋል ብሎም ከሰሰ። ለመኩራት የተነሣው ፎቶ መክሰሻ ሆነ ማለት ነው።

«ታዲያ ተከሰሱ?» አለች የሕግ ምሩቋ፤ መልሱን እያወቀች። አልተከሰሱም። ግራዚያኒ በኢጣልያ ፍርድ ቤት 19 ዓመት የተፈረደበት ከናዚ ጀርመን ጋር በመተባበሩ እንጂ በኢትዮጵያ ላይ ለሠራው አይደለም፤ ያውም ከጥቂት ወራት በኋላ ተፈታ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አፊሌ በተባለች ትንሽ ከተማ መታሰቢያ ቆመለት። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ድል እንዳደረገ ሰው ዞረው አዩኝና «አየህ? የወጋ ቢረሳ ማለት ይኼ ነው። ፎቶውን ይዞታል፤ የፎቶውን ትርጉም ግን ረስቶታል» አሉኝ። ዝም አልሁ። አምስት ጊዜ የሰለቸኝ ተረት በስድስተኛው ረታኝ።

የባንኩ ሰው በበኩሉ አሞራውንና ሕፃኑን አነሣ፤ ኬቨን ካርተር እ.ኤ.አ. በ1993 ደቡብ ሱዳን ውስጥ ያነሣውን፣ በረሃብ የደከመን ሕፃን አሞራ ከኋላው ቆሞ ሲጠብቀው የሚያሳየውን ፎቶ ማለቴ ነው። «አንሺው ልጁን ከማንሣት ፎቶውን አነሣ» የሚለውን የታወቀ ወቀሳ አቀረበ። በዚህ ላይ የሚባለው ሁሉ ተብሏል። እኔ የታዘብሁት፣ ከሩቅ አገር የመጣው ፎቶ አንሺ ለምን አልረዳም ብለው አብዝተው የሚቆጡት ሰዎች፣ እነርሱ ራሳቸው ፎቶውን አይተው ምን እንዳደረጉ ሲጠየቁ የማይወዱ መሆናቸውን ነው።

ለእኔ የሚከብደው ወቀሳ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ዶሮቲያ ላንግ በካሊፎርኒያ ኒፖሞ በተባለ ስፍራ፣ በአተር ለቃሚዎች ሰፈር ውስጥ አንዲት እናት አነሣች፤ ልጆቿ ፊታቸውን ወደ ትከሻዋ አዙረው፣ እርሷ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ወደ ሩቅ ታያለች። አሜሪካ ያን የድህነት ዘመኗን የምታስታውሰው በዚያች ሴት ፊት ነው። ላንግ ስሟን አልጠየቀቻትም። ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን መሆኗ የታወቀው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው፤ ፊቷ በዓለም ሲዞር ኖሮ አንዲት ሳንቲም እንዳላገኘችበትና ባልተነሣሁ ኖሮ ብላ እንደምትመኝ በምሬት ተናገረች። የባንኩ ሰው ይህንን ቢያነሣ ኖሮ እሸነፍለት ነበር፤ አላነሣም፤ እኔም አላስታወስሁትም።

ፍርዴን ከላይ ሳላስበው ተናግሬዋለሁና እዚህ ማሳጠር እችላለሁ፦ ፎቶው አይወርድም፤ ከሥሩ ግን ይጻፍበት። ይህን ካልሁ በኋላ ግን የከነከነኝ እትዬ ግድግዳ ላይ ያለው አንድ ፎቶ ሳይሆን እኛ ራሳችን ከፎቶ ጋር ያለን ነገር ነው። እናቴ ፎቶዎቿን የምታኖረው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። እያንዳንዱ ፎቶ ጀርባው ላይ በቀለም «ለማይረሳው ወንድሜ መታሰቢያ ይሁን» ተብሎ፣ ስም፣ ቀንና ከተማ ተጽፎበታል፤ አንዳንዱ ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ። በዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ጀርባው ባዶ የሆነ አንድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ አባቴ ከአንድ ባለ ካፖርት ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሞ። እናቴ ከሞተች በኋላ ያ ሰው ማን እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ። ዛሬ ስልኬ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ አለ፤ ሁሉም ጀርባው ባዶ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ሞተረኛ ዓይኔ እያየ አስፋልት ላይ ወደቀ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ለመሻገር ስጠባበቅ፣ በዙሪያው የቆመው ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ሲቀርጽ አየሁ። የወደቀውን ሰው እጅ የያዘው አንድ ሊስትሮ ልጅ ብቻ ነበር፤ እርሱም ስልክ ስላልነበረው ነው የሚል ክፉ ሐሳብ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ያ ቪዲዮ ማታውኑ በየእጁ ዞረ፤ የሚያለቅስ ፊት ተለጠፈበት፤ በማግሥቱ ሌላ መጣ። ይባስ ብሎ በቅርቡ ባሳለፍናቸው የጦርነት ዓመታት የሌላ አገር፣ የሌላ ዘመን ሬሳ «የእኛ ነው» እየተባለ ሲለጠፍ፣ ለሐሰተኛው አልቅሶ የተታለለ ሰው እውነተኛው ሲመጣ «ይኼም ውሸት ይሆናል» ብሎ ማለፍ ለመደ። የተወጋ አይረሳም ይላሉ ጋሼ፤ እኛ ግን እየተወጋን በዚያው ሳምንት የምንረሳ አዲስ ፍጥረት ሆነናል፤ የምንቀርጸው ሁሉ አለ፣ የምንጽፍበት ግን የለም።

ያን ቅዳሜ ልንነሣ ስንል እትዬ ከማጀት ነጭ ካርቶን ይዘው መጡና «በሉ ከሥሩ የሚለጠፈውን ጻፉልኝ» አሉ። ጋሼ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የልጅቷ ጽሕፈት አይነበብም፤ የእኔም አያምርም። የእጅ ጽሕፈቱ ያማረ የባንኩ ሰው ብቻ ሆነ። እያጉረመረመ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፤ ፎቶው ወደ ጀርባው እንዲሆን ወንበሩን አዞረ፤ «የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ» ብሎ በቀጥታ መስመር ጻፈና ካርቶኑን ሳያነሣ «ስማቸውስ?» ብሎ ጠየቀ።